ጓንት አይዋሽም

ኪዮሐሩ ኒሺዳቴ በሺራሳጊ የቤዝቦል ቡድን አምስት ዓመት ቆየ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሜዳ የገባው ሠላሳ ስምንት ጊዜ ነው። አንድም ጨዋታ አላሸነፈም፤ ሦስት ሽንፈት በስሙ ተጽፎበታል። በየዓመቱ በሚታተመው የተጫዋቾች መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር አለችው፤ የመስመሯም እኩሌታ ዜሮ ነው። ሜዳ ከመግባቱ በፊት የወረወረው ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ያን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የያዝኩለት እኔ ስለነበርኩ።

በስታዲየማችን ከአንደኛው ማዕዘን መቀመጫዎች ሥር ጣሪያው ዝቅ ያለ ረጅም የሲሚንቶ ክፍል አለ። ተተኪ ወርዋሪዎች እዚያ ተቀምጠው ስልክ ይጠብቃሉ። ሜዳ ላይ ያለው ወርዋሪ ሲደክም ወይም መቺዎች ሲበረቱበት ከአሰልጣኞቹ ወንበር ይደወላል። የተጠራው ሰው ተነሥቶ ክንዱን ያሟሙቃል፤ እኔ በሌላው ጫፍ ቁጢጥ ብዬ ኳሱን እቀበላለሁ። ሃያ ኳስ፣ አንዳንዴ ሠላሳ። ከዚያ ወይ "ይውጣ" ይባላል፣ ወይ ስልኩ ዝም ይላል። ዝም ካለ ወርዋሪው ጃኬቱን ደርቦ ይቀመጣል፤ ክንዱ ይበርዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይደወላል። ተመልካቹ ይህን አያይም። ጋዜጣም አይጽፈውም።

ኒሺዳቴ ግራኝ ነበር፤ ክንዱን ብዙም ሳያነሣ ከጎኑ የሚወረውር። የሚፈለገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከባድ ግራኝ መቺ ሲመጣ ገብቶ ያን አንድ ሰው አሰናብቶ ይወጣል። አራት ኳስ፣ አምስት ኳስ፣ አለቀ። ቡድኑ ግራኝ መቺ በመጣ ቁጥር ስለሚያስበው በመጣ ቁጥር ያሟሙቃል፤ ከአምስቱ አራቱን ጊዜ ግን አሰልጣኞቹ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ከኢዋቴ ጠረፍ ነው። አባቱ ቶሜዞ ከትንሽ ጀልባቸው ጎን ተደፍተው፣ ሥሩ መስታወት የሆነ ሳጥን ውሃው ላይ አስቀምጠው፣ የሳጥኑን ጠርዝ በጥርሳቸው ነክሰው፣ የባሕሩን ወለል እያዩ በረጅም ዘንግ የሚበላውን እሾኻም የባሕር ጃርት የሚለቅሙ ሰው ነበሩ። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ዓሣ በሚያሽግ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ለፋብሪካው ቡድን ወረወረ፤ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ቀን በሃያ ሁለት ዓመቱ አምስተኛ ምርጫችን ሆኖ መጣ። በፋብሪካው የሥራ ጓደኛው የነበረችውን ሳዮን በሁለተኛው ዓመት አገባ።

ምኞቱ አንድ ነበር፤ አባቱ በቴሌቪዥን እንዲያዩት። ቀላል ነገር ይመስላል። አገሩ በሙሉ የሚያየው ግን የቶኪዮው ቡድን ያለበትን ጨዋታ ብቻ ነው። ስርጭቱም ከምሽቱ ለሦስት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ይቆረጣል፤ ጨዋታው የትም ይድረስ። ኒሺዳቴን የመሰለ ወርዋሪ ደግሞ የሚፈለገው ወደ መጨረሻው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ በቶኪዮው ቡድን ላይ ስድስት ጊዜ ገብቷል፤ ስድስቱንም ጊዜ ስርጭቱ አልቆ ነበር። ቶሜዞ በመንደሩ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ቤት ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በማግሥቱ ልጃቸው ይደውላል።

"አየኸኝ አባዬ?"

"የሳሙና ማስታወቂያ አየሁ።"

ይህን ራሱ ነው በክፍሉ ውስጥ የነገረን፤ እኛም ለሁለት ዓመት ስንስቅበት ኖርን። ከሁሉ የባሰው ጎንዳ ነበር። ጎንዳ የመጨረሻውን ዙር የሚዘጋልን ግዙፍ ወርዋሪ ነው፤ ደመወዙ ከኒሺዳቴ አሥር እጥፍ፣ አፉም እንደዚያው።

"አባትህኮ አሁን ሳሙናውን ልጄ ነው እያሉ ለሰው ያሳያሉ።"

"ይሻላቸዋል። ሳሙናው በየቀኑ ይገባል።"

"በዚያ ላይ ንጹሕ ነው!" ይላል ጎንዳ፣ የራሱን ቀልድ በራሱ ሣቅ እያጀበ።

ሌላ ከተማ ሄደን ስንጫወት ማሟሟቂያው ሜዳው ዳር፣ ከተመልካቹ አፍንጫ ሥር ነው። ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጥ ከጠርሙስ የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሄድን ቁጥር አጥሩን ተደግፈው ኒሺዳቴን ይጠብቁታል።

"አንተ ግራኝ! ትናንትም ስትሞቅ፣ ዛሬም ስትሞቅ! መቼ ነው የምትበስለው?"

ኒሺዳቴ ቆቡን አንሥቶ እጅ ነሣቸው። "ከሰሉ ረጥቦ ነው አባባ።"

"እህል አታባክን! ውጣና ለሌላው ቦታ ልቀቅ!"

ሣቀ። በዚያ ምሽት ሦስት ጊዜ አሟሟቀ፤ አልገባም።

አሁን ስለ እኔ ሥራ መናገር አለብኝ፤ የነገሩ መነሻ እሱ ነውና። የማሟሟቂያ ተቀባይ ሙያው ኳስ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ኳሱን ማስጮኽ ነው። ኳሱ መዳፍ መሀል ካረፈ ድምፁ የታፈነ ነው። በአመልካች ጣት ሥር፣ ቆዳው በሚሳሳበት ቦታ፣ ጓንቱን በትክክለኛው ቅጽበት ትንሽ ወደፊት ገፍተህ ከተቀበልከው ግን እንደ ጥይት ይጮኻል። ወርዋሪው ያን ሲሰማ ትከሻው ቀጥ ይላል፤ ዛሬ ቀኔ ነው ብሎ ይወጣል። ለዚህ ብዬ የጓንቴን ድርብ ቆዳ አሳስቼዋለሁ፤ ቅባትም በስሱ ነው የማስነካው። የግራ አመልካች ጣቴ ከሁለተኛው አንጓ ላይ ጠሟል፤ የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ጣት እንደዚሁ ነው። በዚያ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ድምፁ በጣሪያው ይመለስና እጥፍ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ ወርዋሪው ያየኛል፤ እኔም አንድ ቃል እላለሁ። "እየመጣ ነው!" ይህንን የማይል ተቀባይ የለም። ሥራችን ሰውን ከሆነው በላይ አድርጎ መላክ ነው።

የወርዋሪዎች አሰልጣኝ ጋሽ ካጂውራ ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ በወጣትነታቸው ሁለት መቶ ጨዋታ ያሸነፉ ሰው ናቸው። ቢሆንም በዚያ ድምፅ ያምኑ ነበር። ስልክ ሲደውሉ "ክንዱ እንዴት ነው?" ብለው አይጠይቁም።

"የወርዋሪ አፍ ይዋሻል" ይሉ ነበር። "ክንዱ ሊበጠስ ተቃርቦም ብትጠይቀው 'ደህና ነኝ' ይልሃል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጓንት አይዋሽም። አሰማኝ።"

ስለዚህ ለስልኩ የቀረበው ሰው መቀበያውን በገመዱ ልክ ወደ እኔ ይዘረጋዋል። እሳቸው ከሜዳው ዳር፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል፣ አንድ ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው ሁለት ሦስት ኳስ ያዳምጣሉ። ከዚያ ይወስናሉ።

በጃፓን አቆጣጠር በሾዋ ሃምሳ ሰባት፣ በአራተኛ ዓመቱ፣ ኒሺዳቴ አሥራ አራት ጊዜ ሜዳ ገባ። ያሟሟቀው ግን ዘጠና ሦስት ጊዜ ነው። በየዕለቱ ስንት እንደያዝኩ በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በመከር መጨረሻ ላይ ኩባያ በቀኝ እጁ ማንሣት እንደ ጀመረ አየሁ። ግራኝ ሰው ኩባያ በቀኙ ሲያነሣ ማየት ደስ አይልም። በደብተሬም አልጻፍኩትም። ክረምቱን አርፎ በጸደይ ልምምድ ላይ ሲመለስ እየሣቀ ነበር፤ ኳሱም ለሁለት ወር ያህል ጥሩ ነበር።

በሃምሳ ስምንት ግንቦት ውስጥ፣ ዝናብ ባቋረጠው ጨዋታ ቀን፣ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ኳስ ስቀበል አወቅሁት። ሕያው ኳስ ጓንት ውስጥ ሲገባ ገና መሄድ ይፈልጋል፤ አንጓህን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህኛው መጥቶ ተቀመጠ። እንደ ደከመው እንግዳ ተቀመጠ።

ኒሺዳቴ አየኝ። "እየመጣ ነው?"

ከቃሌ ትንሽ ቀድሞ ነበር የጠየቀው። እሱም የሆነ ነገር ተሰምቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ለጋሽ ካጂውራ "ይህ ልጅ ክንዱ ሞቷል፣ ሐኪም ይየው" ማለት እችል ነበር። እንዲህ ከተባለ ወደ ሁለተኛው ቡድን ይወርዳል። ግራኝ ሆኖ ከጎን የሚወረውር ሌላ ሰው እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ተተኪ አንዴ ከወረደ አይመለስም። በነሐሴ ደግሞ የቶኪዮው ቡድን ወደ እኛ ይመጣል።

የሚቀጥለውን ኳስ አስጮኽኩት።

"እየመጣ ነው!" አልኩ።

ትከሻው ቀና አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራዬ ከበደ። የሞተ ኳስ ማስጮኽ ከሕያው ይልቅ ያደክማል፤ ጓንቱ እሱን ሄዶ መቀበል አለበት። ጣቴ ምሽት ምሽት እያበጠ በረዶ ውስጥ እነክረው ነበር። በሰኔና በሐምሌ አራት ጊዜ ገባ፤ አንዱን መቺ አሰናበተ፤ ሁለቱ የመቱት ኳስ በቀጥታ ተከላካይ እጅ ውስጥ ስለገባ ተረፈ፤ አራተኛው በደንብ መታበት። ጋዜጣው "ዕድል ያልቀናው" አለው። ዕድል በጣም ቀንቶት ነበር።

አንድ ቀን ከልምምድ በፊት ሳዮ በበሩ ጠበቀችኝ። ከአማቷ የተላከ የደረቀ የባሕር ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛለች።

"ጋሼ ቶኩናጋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለእሱ እንዳትነግረው።"

"ጠይቂኝ።"

"ጸጉሩን የማጥበው እኔ ነኝ። ክንዱ አይወጣም። 'የጡንቻ መተሳሰር ነው' ይለኛል። አንተ በየቀኑ ትይዝለታለህ። ደህና ነው?"

ጥያቄው የወርዋሪ አልነበረም። መልሴ ግን የዘወትሩ ሆነ።

"እየመጣ ነው።"

ሳዮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ፤ ሁለቴ። "እግዜር ያክብርልኝ። አንተ ካልክ እተኛለሁ" ብላ ሄደች። የባሕር ቅጠሉን ሚስቴ ሾርባ ሠራችበት፤ ጥሩ ነበር።

የቶኪዮው ቡድን በነሐሴ አጋማሽ ለሦስት ቀን መጣ። በሁለተኛው ቀን ጨዋታው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ተጀመረ። የእኛ ወርዋሪ ሶኖዳ አራት ዙር ያህል በደንብ ሄደና በአምስተኛው ድንገት ፈረሰ። ሁለት የተቃራኒ ሯጮች ነጥብ ሊሆኑ ማዕዘን ላይ ቆመዋል፤ አንድ ነጥብ እየመራን ነው፤ ቀጣዩ መቺ ሙናካታ ነው። ሙናካታ ግራኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት በአገሩ እንደ እሱ የሚመታ አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ። ጎንዳ አነሣው። "ኒሺ፣ ተነሥ" አለ።

ኒሺዳቴ ተነሥቶ መጀመሪያ ያየው የግድግዳውን ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አብረን አየን።

"ገና ነው" አለ ኒሺዳቴ፣ ለራሱ። "ገና አንድ ሰዓት አለው።"

"ፊትህን ታጠብ እንጂ!" አለ ጎንዳ። "አባትህ ሊያዩህ ነው። አፍንጫህ ላይ ያለው ምንድነው? ከኢዋቴ ይታያልኮ።"

"ላብ ነው።"

"ጥረገው። ሳሙናውን እንዳታሳፍረው።"

ሁሉም ሣቀ፤ ኒሺዳቴም። ፎጣ አንሥቶ ፊቱን በደንብ ጠረገ፤ ቆቡንም አስተካከለ። ከዚያ ወረወረ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ኳሶች ከግንቦት ወዲህ ከያዝኳቸው ሁሉ የከፉ ነበሩ። መጨረሻቸው ላይ ይሰግዱ ነበር። ከአንደኛው በኋላ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ክርኑን በቀኝ እጁ ነካ አድርጎ ተወው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጎንዳ ጥቂት አዳምጦ መቀበያውን ወደ እኔ ዘረጋው።

"'አሰማኝ' ይላሉ።"

ጋሽ ካጂውራ በዚያኛው ጫፍ ጆሯቸውን ደፍነው እየጠበቁ ነው። ዝም ብዬ ብይዝ፣ በመዳፌ ብቻ፣ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ሌላ ሰው ይጠራል። ማንም እኔን አይወቅስም። ኒሺዳቴ ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ያየኛል፤ ፊቱ ተጠርጓል።

አንደኛውን አስጮኽኩት። ሁለተኛውን አስጮኽኩት። ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ ጮኸ፤ ጣቴ ላይ አንድ ነገር ቋ ሲል ተሰማኝ።

ጎንዳ መቀበያውን ወደ ጆሮው መለሰ። "'ጥሩ ነው፣ ላከው' ብለዋል።"

"እየመጣ ነው?" አለኝ ኒሺዳቴ ወደ በሩ እየሄደ።

"እየመጣ ነው!"

ከክፍላችን ወደ ሜዳው አንዲት በፍርግርግ የታጠረች መስኮት አለች። ከእርሷ የሚታየው ሣሩና የሰዎች እግር ብቻ ነው። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሰማን። ጭብጨባው መጠነኛ ነበር። የመጀመሪያው ኳስ ውጪ ሄደ። ሁለተኛውን ሙናካታ ዝም ብሎ አሳለፈው፤ በኋላ እንደተናገረው እንዲህ የዘገየ ነገር ስላልጠበቀ ተደናግሮ ነው። ሦስተኛው ላይ ድምፁን ሰማሁ፤ ዱላ ኳስን በትክክለኛው ቦታ ሲያገኘው የሚሰጠውን ድምፅ። በመስኮቷ በኩል የቀኝ ተከላካያችን እግሮች ዞሩ፤ ሦስት እርምጃ ሮጡ፤ ቆሙ። እግሮቹ ከቆሙ ኳሱ ከአጥሩ አልፎ ተመልካቹ መሀል ወድቋል ማለት ነው። ሁለቱ ሯጮችና ሙናካታ ራሱ ገቡ።

ጎንዳ ሰዓቱን አየ። "ሁለት ሰዓት አልሞላም" አለ፤ ሣቅ አልነበረበትም።

ከጨዋታው በኋላ በመተላለፊያው ያለው የሕዝብ ስልክ ጋ ቆሞ አገኘሁት። ሳንቲሙን ከቶ፣ ቁጥሩን አዙሮ፣ ግድግዳውን እያየ ነበር። በማኅበር ቤቱ ስልኩን ያነሣው ሰው አባቱን ጠርቶ እስኪያመጣቸው ብዙ ጠበቀ። ቶሜዞ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ ላይ የሚጮኹ ሰው ናቸው፤ ከጎኑ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

"አየኸኝ አባዬ?"

"አየሁህ።"

ኒሺዳቴ ጠበቀ።

"ከስተሃል" አሉ አባቱ። "ብላ።"

ስልኩ ተዘጋ። በማግሥቱ ወደ ሁለተኛው ቡድን ወረደ።

በጥቅምት ከቡድኑ ጽሕፈት ቤት ተደወለለት። "ነገ በአራት ሰዓት። ሱፍ ለብሰህ ና።" ሱፍ ልበስ የተባለ ተጫዋች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በየዓመቱ በዚያ ወር ስልክ የሚፈራው ለዚህ ነው። የሠርጉን ሱፍ ለበሰ። ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው በሚመጣው ዓመት ዕቅዳቸው ውስጥ እንደሌለ ነገሩት፤ አመሰገኑት። ሌላ ሥራ ከፈለገ፣ ለመቺዎች በልምምድ ጊዜ የሚወረውር ሰው እንደሚፈልጉ፣ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ጨመሩ። ስብሰባው ሰባት ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ ወደ ክፍላችን ወረደ። እኔ ጓንቶች እያጸዳሁ ነበር።

"ጋሼ ቶኩ፣ ስድስት ኳስ ያዝልኝ።"

"በዚህ ልብስ?"

"ሱሪው ሰፊ ነው።" ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጥፎ አስቀመጠ፤ ከረባቱን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። "ግን እንደ ሁልጊዜው አትያዝ። ዝም ብለህ ያዝ።"

ማንም የነገረው የለም። በሁለተኛው ቡድን የሚይዝለት ሌላ ሰው ነበር፤ ወጣት፣ ሙያውን ገና ያልተማረ። ኒሺዳቴ እዚያ ለሁለት ወር የራሱን ኳስ ድምፅ ሰማ።

በመዳፌ ያዝኩ። ስድስቱም እርጥብ ፎጣ ወለል ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰሙ። ከስድስተኛው በኋላ ክንዱን አንጠልጥሎ ቆመ።

"እየመጣ ነው?"

"አይመጣም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከግንቦት።"

"ግንቦት" አለ። ትንሽ አሰበ። "በግንቦት ብትነግረኝ ሐኪም ያየኝ ነበር።"

"ያይህ ነበር።"

"አንድ ዓመት አርፌ ምናልባት እመለስ ነበር።"

"ምናልባት።"

"ለምን" ብሎ ቢጠይቀኝ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ስለማመደው የኖርኩት። አልጠየቀኝም። ጃኬቱን ሲለብስ ግራ እጁ እጅጌው ውስጥ አልገባ አለው፤ ሄጄ ያዝኩለት።

"ለነገሩ" አለ ቁልፉን እየቆለፈ፣ "ያን ጊዜ ብትነግረኝ አባዬ አያየኝም ነበር።"

የልምምድ ወርዋሪነቱን ተቀበለ። ለዚያ ሥራ ሕያው ክንድ አይጠየቅም፤ መቺው እንዲመታው ሆኖ በቀስታ፣ በቀጥታ፣ መቶ ጊዜ መወርወር ብቻ ነው። እሱም አልሆነለትም። ልምምድ ላይ ከመቺው ኋላ ያለው ተቀባይ ሳይሆን መረብ ነው፤ ኳስ መረብ ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። ኒሺዳቴ ወርውሮ ያዳምጣል። ከዚያ የሚቀጥለው ኳስ ወይ መሬት ይመታል፣ ወይ በመቺው ጆሮ ሥር ያልፋል። በመጀመሪያ ወር መቺዎቹ "አይዞህ" ይሉት ነበር። በሁለተኛው "ኒሺ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ይወርውርልኝ" ማለት ጀመሩ። ሰኔ ላይ ራሱ ለቀቀ። ሳዮና እሱ ዕቃቸውን በተከራዩት ትንሽ መኪና ጭነው ወደ ኢዋቴ ሄዱ። ጎንዳ ሊሸኛቸው መጥቶ አንድ ካርቶን ሳሙና ሰጣቸው፤ ቀልዱ ምን እንደነበር ለመናገር ጀምሮ ተወው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ፣ የውድድሩ ዕረፍት ላይ መንደራቸው ሄድኩ። ኒሺዳቴ ከጠዋቱ የባሕር ጃርት ለቀማ ገና አልተመለሰም፤ ሳዮ ወደብ ወርዳ እየጠበቀችው ነበር። ቤት ያሉት ቶሜዞ ብቻ ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ ጀልባውን ለልጃቸው ከለቀቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በደጃፉ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማን እንደሆንኩ ሁለት ጊዜ ጮኼ ነገርኳቸው።

"አሃ፣ ኳሱን የምትይዝለት።"

"አዎ።"

"ጥሩ ሰው ነው ይልሃል።"

ከደጃፉ በታች ያለው የእንጨት መስቀያ አጭር ነው፤ የባሕር ቅጠል የሚሰቀልበት፤ በዚያ መንደር ካሉት ሁሉ ያጠረ። የኒሺዳቴ ክንድ ከትከሻው በላይ ስለማይወጣ ሳዮ ቆርጣ ያሳጠረችው እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

"ያን ቀን አይቼዋለሁ" አሉ ቶሜዞ። "በቴሌቪዥን።"

"ነግሮኛል።"

"እኔ ጆሮ የለኝም። የጀልባው ሞተር በልቶታል። ስለዚህ የሚሉት ነገር አይገባኝም፤ ዝም ብዬ ማየት ነው። ዕድሜዬን በመስታወት ያየሁ ሰው ነኝ። አምስት ሜትር ታች ያለው ሕያው ይሁን ቅርፊት ብቻ፣ ዘንጉን ሳልሰድ አውቃለሁ።" የራሳቸውን ግራ ክንድ ከክርኑ ላይ ያዙ። "ከዚህ ጀምሮ የሞተ ነበር። ገና ቆሞ ሳይወረውር አየሁት።"

ጠማማ ጣቴን በሌላው እጄ ሸፈንኩት።

"የማይገባኝ አንድ ነገር ነው" አሉ ወደ እኔ ዞረው። ሲጠይቁኝ ቁጣ አልነበራቸውም፤ ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። "እኔ ከዚህ፣ ከኢዋቴ አየሁት። እናንተ አጠገቡ የነበራችሁት እንዴት አላያችሁም?"

ከታች የጀልባ ሞተር ድምፅ ቀረበ። እሳቸው አልሰሙትም። ኒሺዳቴ ጀልባውን በቀኝ እጁ ብቻ አሥሮ፣ ቅርጫቱን በቀኝ ትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት፤ እኔን ሲያይ ቆቡን አነሣ።

ጓንቴ ምን እንዳደረገ ልጃቸው በሦስት ዓመት ውስጥ አልነገራቸውም ነበር።